በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የገባው ድምፅ

አጎቴን ጦናን ከኳየር ያስወጣሁት በጸሎት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ምን አውቅ ነበር!» እያልኩ አሳምሬ አወራው ነበር። በሥራ ቦታ በሻይ ሰዓት አውርቼዋለሁ፤ አንዴማ የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ማይክ ተሰጥቶኝ አውርቼው አዳራሹ በሳቅ ፈርሷል። ካለፈው መጋቢት ወዲህ ግን አፌን ይዣለሁ። አሁን የምጽፈው ሳላሳምር ነው፤ የሚያስቅ ነገር ካገኛችሁበት እናንተ ሳቁ።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ እናቴ ሽታዬ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጦናና እኔ እንኖር ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ሳልድህ ነው። እናቴ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ጦና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀን ቀን የሰው ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ ደግሞ በአጥቢያችን ኳየር ጊታር ይመታል። እውነቱን ለመናገር ሬዲዮ የሚጠግነው ቀኑ እስኪመሽለትና ልምምድ እስኪደርስለት ነበር። ምሳ እየበላ እንኳ የግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይሄዳሉ። እናቴ «እጅህን ሰብስብና ብላ» ትለዋለች፤ ይሰበስብና ከሁለት ጉርሻ በኋላ ይረሳል። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው፤ በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥብኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ኳየሩ አንድ ፔዳል ከአዲስ አበባ አስመጣ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ከሳሙና ትንሽ የሚተልቅ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው። ጊታሩ በአንድ በኩል ይሰካበታል፣ በሌላ በኩል ሽቦ ወጥቶ ወደ ሞንታርቦው ይሄዳል፤ ሲረገጥ ቀይ መብራት ይበራና ያ ለስላሳ የጊታር ድምፅ ሻክሮ ያገሳል። አሮጊቶቹ መጀመሪያ ሲሰሙት ጆሮአቸውን ይዘው ነበር። የኳየሩ ኃላፊ አቶ ኤርካሎ ግን «ኢያሪኮም የፈረሰው በለሰለሰ ድምፅ አይደለም» ብለው አስለመዷቸው። ከወር በኋላ ቤሌ ከተማ ላይ ትልቅ ኮንፈረንስ ስላለ ጦና ቤት ወስዶ እንዲለማመድበት ፈቀዱለት፤ «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው፣ ወንድም ጦና» አሉት። ከኮንፈረንሱ ማግስት ደግሞ ለጦና ሽማግሌ ወደ ሜላት ቤተሰቦች ይላካል ተብሎ ተቆርጦ ነበር። ሜላት የኳየሩ ዘማሪ ናት፤ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ልጅ ሳለሁ አልወዳትም ነበር። ምክንያት አልነበረኝም፤ ጦና እሷ ስትመጣ እኔን «ሂጂ ተጫወቺ» ስለሚለኝ ብቻ ነው።

ፔዳሉ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ጦና ሳይኖር ክፍሉ ገባሁ። ላየው ብቻ ነበር። ከጎኑ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አየሁ። እንደዚያ ዓይነት ቀዳዳ ደግሞ የእናቴ ሬዲዮ ላይ አለ፤ እዚያ ላይ አዳፕተሩ ሲሰካ ሬዲዮኑ ይበራል። ሮጬ አዳፕተሩን አመጣሁና ሰካሁት። ልክ ገባ። ቀዩን መብራት ጠበቅሁ። አልበራም። ከውስጡ እንደ ክብሪት ጫር ያለ ነገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የተለበለበ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ረገጥኩት፣ አሁንም አልበራም። ይሄኔ እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ፤ የታጠበ ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ ልትሰጠኝ ነበር፣ ለጎረቤት እንዳደርስ። አዳፕተሩን እንደተሰካ ትቼው ወጣሁ።

ቦይናውን ይዤ ስሄድ ምክንያቱን አገኘሁት፦ ፔዳሉ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፣ ስለዚህ ለሚያገለግል ሰው ብቻ ነው የሚበራው። እኔ ገና አልተጠመቅኩም፣ ኳየር አልገባሁም። ነገሩ አሳመነኝና ረሳሁት። ማታ ሬዲዮኑ ጋ ስሄድ አዳፕተሩ ቦታው ተመልሶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማን መለሰው ብዬ አልጠየቅኩም። ዕቃ እኛ ቤት ሁልጊዜ ቦታው ይመለሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጦና በር ይዘጋ ጀመር። ከሥራ ሲመጣ ቀጥታ ክፍሉ ይገባል፤ በበሩ ሥር ሽቦ የሚያጣብቅበት የቀለጠ ሶልደር ሽታ ይወጣል። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ መስመርና ክብ የሞላበት ወረቀት አሳትሞ መጣ፤ «ምንድን ነው?» ስለው «የፔዳሉ አንጀት ሥዕል ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የእንጨት ማስመሪያዬን ለመነኝ።

«ለምንህ ነው ጋሼ?»

«ቤት ልሠራበት።»

«የምን ቤት?»

«የድምፅ ቤት። ሲያልቅ የመጀመሪያውን አንቺ ነሽ የምትመቺው። ለማንም ግን አትናገሪም።»

የመጀመሪያውን እኔ! ማስመሪያውን ብቻ አይደለም፣ ቦርሳዬንም ከነደብተሩ በሰጠሁት ነበር። ለሁለት ቆረጠው፣ በጋለ መርፌ እየወጋ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገው። በየቀዳዳው ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላቸውን ትራንዚስተሮችና እንደ ባቄላ ፍሬ ያሉ ነገሮች ይሰካል። ሜላት አንድ ከሰዓት የአባቷን የተበላሸ ሬዲዮ በሻርፕ ጠቅልላ አመጣችለት። ያን ቀን ግን በሩ እኔ ላይ ተዘጋ፣ እሷ ውስጥ ሆነች።

ቅዳሜ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። በጦና መስኮት በኩል ጓሮ ቆሜ ሳለሁ ያ ድምፅ መጣ። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ የጠራ አልነበረም፤ የባሰ ሻካራ ነበር፣ ደረቴ ላይ ደረሰ። በመጋረጃው ክፍተት አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካናማው ፔዳል ክዳኑ ተነስቶ ባዶውን ተቀምጧል፤ አረንጓዴው አንጀቱ ተዘርግፎ ከጎኑ ወድቋል። ከጊታሩ የሚመጣው ሽቦ የገባው ወደ ፔዳሉ አይደለም፤ ወደ እኛ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጊታሩን የያዘችው ደግሞ ሜላት ናት። የመጀመሪያውን የመታችው ሜላት ናት። አንድ ጊዜ ትመታና አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፣ ጦና ከወንበሩ ተነስቶ ይዘላል።

«ኤርካሎ ሳያውቅ ይመለሳል» አላት።

«ማንም አያውቅም» አለች። «ከእኔና ከአንተ ሌላ።»

እዚያው ጓሮ ቆሜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ጦና ድምፁን ከቤተ ክርስቲያን ሳጥን አውጥቶ ወደ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አስገብቶታል፤ ያደረገውም ለሜላት ብሎ ነው። ሳጥኑን ባዶውን ሊመልስ ነው። እንዲህ አየሁት።

ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ሰው የአንድን ሰርኪት ቅጂ ሲሠራ አጠገቡ ኦሪጅናሉን ከፍቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ሠርቶ ሳይጨርስ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚሞክረው ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ያን ጊዜ ግን ድምፅ ማለት እንደ ጫጩት ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ የሚዛወር ነገር ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ የልጆች ትምህርት ነበር። አስተማሪያችን እትዬ ፈጠነች በየእሁዱ መጨረሻ ላይ ቁራጭ ወረቀት ታድለናለች፤ የጸሎት ርዕስ እንጽፋለን። «ስም አትጻፉ ልጆች፣ ጌታ ያውቃችኋል» ትለናለች። ሌላው ልጅ «ሒሳብ እንዲገባኝ» «አያቴን እግሯን እንዲምርልኝ» እያለ ይጽፋል። እትዬ ፈጠነች ከበድ ያለውን መርጣ በራሷ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ ትገለብጥና ለአዋቂዎቹ የጸሎት ቡድን ትሰጣለች። ይህን አውቅ ነበር። ሰው ፊት ሳወራው «አላውቅም ነበር» እያልኩ የኖርኩት ይህንን ነው። አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ስካር በዚሁ መንገድ ነው አደባባይ የወጣው።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንድ የኳየር ሰው የፔዳሉን አንጀት አውጥቶ ለራሱ ቆርቆሮ ውስጥ ከቶታል። ኮንፈረንስ ሳይደርስ እንዲመልስ ጸልዩለት።» አጣጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ስጨምር ደስ አለኝ። ጦና ይመልሳል፣ ሜላት ትቀራለች፣ ጊታሩን እኔ እመታለሁ። ለጦና ነፍስ የጸለይኩት ምናልባት ሩቡ ይሆናል፤ የቀረው ቅናት ነው። ዘጠኝ ዓመት ለቅናት አያንስም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የመጡት ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ነው፤ ሦስት ሆነው፣ አቶ ኤርካሎ ከፊት። እናቴ ወንበር አወጣች። አልተቀመጡም። «ወንድም ጦና፣ ፔዳሉን ልናየው ነው የመጣነው» አሉ። ጦና በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ገለል አለላቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር እኔ እንዳየሁት ነበር፤ ባዶው ሳጥን፣ የተዘረገፈው አረንጓዴ ነገር፣ ሽቦ የበቀለበት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ።

አቶ ኤርካሎ ሁሉንም ካዩ በኋላ ወደ ወላይትኛ ዞሩ። እሳቸው ሲከፋቸው አማርኛ አይበቃቸውም ነበር። የጸሎት ርዕስ ሆኖ እንደመጣ ነገሩት፤ ማን እንዳለ አልነገሩትም፣ እነሱም አያውቁም። ጦና «ተቃጥሎ ነው፤ እየሠራሁት ነው» አለ።

«ማን አቃጠለው?»

 ጦና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እናቴ ቀሚስ ሥር ነበርኩ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አወቀ አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ጦና። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

«በምን?»

«በስህተት።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከን?»

እናቴ ጣልቃ ልትገባ ስትል አቶ ኤርካሎ እጃቸውን አነሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው እንባ ይዞ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያንን ፔዳል ለመግዛት ኳየሩ ዓመት ሙሉ ለፍቷል፣ አደራ የተቀበለው ሰው ደግሞ አፍርሶት፣ ደብቆት፣ ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ጋር አግኝተውታል። ከእሳቸው ምን ይጠበቅ ነበር? ለአንድ ዓመት ከአገልግሎት ታገደ። እሁድ ዕለት በማስታወቂያ ሰዓት ተነገረ። እናቴ ያን እሁድ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ነው የወጣችው። ቤት ስንደርስ እኔ ላይ ጮኸች፤ ስትቆጣ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። «ውጣ ከፊቴ!» አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ያወቀች መስሎኝ ጓሮ ሄጄ ተደበቅሁ። የተቆጣችው ጫማዬን ሳላወልቅ ስለገባሁ ነበር።

ጦና ፔዳሉን በሦስት ቀን ጨርሶ መለሰው። የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አጥቦ ወጥ ቤት አስቀመጠው። በዚያው ሳምንት ሜላት ሁለት ጊዜ መጣች። የመጀመሪያ ቀን አጥሩ ጋ ቆመው አወሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ እሷ እጇን ወደ ሰማይ ስታነሳ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ጦና አልወጣም። «የለም በያት» አለኝ፤ ሄጄ «የለም» አልኳት። እያለቀሰች ነበር። «ውስጥ ነው አይደል ቤቲ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት ደግሜ። አየችኝና ሄደች፤ ዳግመኛም አልመጣችም። የተላከ ሽማግሌም አልነበረም። ሌባ አላገባም ብላ ነው፣ ድሮም አትወደውም ነበር አልኩ በልቤ። ደስ ያለኝ ሁሉ ይመስለኛል።

ቤሌ ኮንፈረንስ ላይ እኔና እናቴ ሄድን፤ ጦና ቀረ። ከአረካ የመጣ ሌላ ጊታሪስት ነበር የመታው። ፔዳሉን ሲረግጥ ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ፤ ሻካራው ድምፅ ከድሮው ልዩ ነበር፣ ሰዉ እልል አለ። አቶ ኤርካሎ ማይክ ይዘው «ከጸለይንበት ወዲህ ድምፁ ተለውጧል፣ ተቀድሷል!» አሉ። እኔ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሜን አልኩ። ጸሎቴ ተሰምቶ ነበራ።

ቤት ስንመለስ ጦና ዕቃውን አሥሮ ጠበቀን። ተበላ ከተማ የሚሠራ ጓደኛ ነበረው፤ እዚያ ሄደ። ዓመቱ አልቆ ኳየሩ ሲጠራው አልመጣም። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ይመጣል፣ ሥጋ ይበላል፣ እናቴን ያስቃል፣ በማግስቱ ይሄዳል። ጊታር ሲነካ አላየሁትም። ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሲከብደኝ በስልክ ያስረዳኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ እንዳጠና የገፋፋኝ፣ ስመረቅ መልቲ ሜትር ሸልሞኝ የሄደው እሱ ነው። አላገባም። እናቴ ስትነዘንዘው «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ተበላ ላይ ያን ያህል የሚበላሽ ሬዲዮ ከየት መጣ እያልን እንስቅበት ነበር።

ባለፈው መጋቢት ማቲ የሚባል ተማሪዬ ወርክሾፕ ድረስ መጣ። የዛሬው ኳየር ጊታሪስት ነው። «ቲቸር፣ ይቺን እዪልኝ፤ ትቆራረጣለች» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ብርቱካናማው ቀለም ጥጋጥጉ ላይ ተልጧል እንጂ አወቅሁት። «አዲስ ሌላ አለን፣ ግን እንደዚህ የሚጮህ የለም» አለኝ። ዊንጮቹን እየፈታሁ ያችኑ የልጅነት ቀልዴን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ክዳኑ ተነሳ።

ውስጡ የፋብሪካ ቦርድ አልነበረም። ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት የማስመሪያ ቁራጮች ነበሩ፤ የሴንቲሜትሩ ቁጥሮች ይነበባሉ። ከጀርባው በእስክሪፕቶ «ቤቴል 3ኛ ለ» የሚል የእኔው ጽሑፍ አለ። ትራንዚስተሮቹ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በተወጉ ቀዳዳዎች ላይ ናቸው። ከፋብሪካው የቀረው የኤሌክትሪክ መሰኪያው ብቻ ነው፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ በጦና ጥቃቅን ፊደላት ተጭሯል፦ «መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። የሬዲዮ አዳፕተር አይሰካ።»

እኔ ይህን አስተምራለሁ። በየዓመቱ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ የፔዳል መሰኪያ ኔጌቲቩ መሃል ላይ፣ የብዙ ሬዲዮ አዳፕተር ግን ፖዘቲቩ መሃል ላይ እንደሆነ፣ ተገልብጦ ከተሰካ ምን እንደሚቃጠል ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ማቲ «ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። የተለበለበ ፀጉር ሸተተኝ።

ኳየሩ አሥራ ስድስት ዓመት የዘመረው በጦና ቅጂ ነበር። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያን ሳጥን ወጥቶ ቆርቆሮ ውስጥ አልገባም፤ ከቆርቆሮው ወጥቶ ነው ሳጥኑ ውስጥ የገባው። በሩ ላይ ቆሞ ያን ያህል ጊዜ ያየኝም ወረቀቱን ስለጻፍኩ አልነበረም። «ማን አቃጠለው?» ለሚለው መልሱ እናቴ ቀሚስ ሥር ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ፔዳሉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ተበላ ወረድኩ። ሙቀቱ ከሚኒባሱ ስወርድ ፊቴን መታኝ። የጦና ሱቅ ከገበያው ጀርባ ናት፤ በየግድግዳው የተከፈቱ ስፒከሮች ተደርድረዋል። ጦና ጣል ጣል ያለ ሽበት አውጥቷል። «ሳሮ፣ ሳሮ!» አለኝ፣ የወላይታ ሰላምታ ነው፤ «ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ተነስቶ አቀፈኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ። ሳልቀመጥ ፔዳሉን አውጥቼ አስቀመጥኩለት። በመዳፉ አቧራውን ጠረገው።

«ከፈትሽው?»

«ከፈትኩት። እኔ ነኝ ጋሼ። የሬዲዮኑን አዳፕተር የሰካሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? አዳፕተሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ እኮ! እንደተሰካ ትተሽው ሄድሽ፣ ገና ይሞቅ ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ልበል? እናትሽ በዚያን ጊዜ አንቺን በምን ስጋት ታይሽ እንደነበር፣ ሰው አባት የሌላት ልጅ እያለ እንዴት እንደሚያወራ አንቺ አታውቂም። ደግሞ መሥራቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅጂ እንደሆነ ማንም አልለየውም፣ ሰምተሻል?» ዊንጩን ፈቶ ማስመሪያውን እያየ እንደገና ሳቀ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። «የፔዳሉ ነገር አልቆጨኝም ቤቲ። ዓመቱም ያልቃል፣ አለቀም። የቆጨኝ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሜላት ናት ያወጣችው። ከእኔና ከእሷ ሌላ ያወቀ አልነበረም። ጠየቅኳት፤ አላወራሁም አለች። እኛ ቤተ ክርስቲያን መሐላ የለም፣ ታውቂያለሽ፤ እሷ ግን እጇን ወደ ሰማይ አንስታ ማለችልኝ። ጭራሽ በውሸት ትምላለች ብዬ ባሰብኝ። ሰው ከመማሉ በፊት ቢያወራ ይቅር ይባላል፤ ከማለች በኋላ አልቻልኩም።» ዊንጩን ጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። «ኳየር ያልተመለስኩት ለዚህ ነው። ከፊቴ ቆማ ስትዘምር እንዴት ብዬ ልምታ?»

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ሶዶ! ሶዶ! አንድ ሰው!» ይላል። ዋሽቼ እንዳልነግራችሁ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ያን አንድ ቦታ ነው። ፔዳሉን ተውኩለት፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሳቅን፣ ልሂድ። ማንም አያውቅም ነበር። ለሽማግሌዎቹ የደረሰው ወረቀት የእትዬ ፈጠነች እጅ ጽሑፍ እንጂ የእኔ አልነበረም፤ እሷም ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የጸሎት ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ያልሰማ መስሎ ቀጠለ፣ አንድ ዊንጭ አስገባ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«በመስኮቱ አየኋችሁ። የመጀመሪያውን ለእኔ ብለህ ነበር፣ ለእሷ ሰጠሃት። የሰረቅክም መስሎኝ ነበር፣ ግን... ቀንቼ ነው። ለልጆች ጸሎት ጻፍኩት። ስም አይጻፍበትም።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዊንጩን አስቀመጠ፣ ከወንበሩ ተነሳ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተደረደሩትን ስፒከሮች ያይ ጀመር። ጀርባው ነበር የሚታየኝ። የግራ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ያን እንቅስቃሴ አሥራ ስድስት ዓመት አላየሁትም።

«ምላልኝ እኮ» አለ ወደ ግድግዳው። «እጇን አንስታ።»

አለቀስኩ። ዞሮ አላባበለኝም፤ ማባበልም አልነበረበትም። ወደ ግድግዳው እንደዞረ «አረካ ናት» አለ። «አግብታ፣ ወልዳ። ቤቷን ሽታዬ ታውቀዋለች።»

«አብረን እንሂድ ጋሼ።»

«እኔ ምን ብዬ ነው የማንኳኳው? አንቺ ሂጂ። የማለችው እውነት እንደነበረ ንገሪያት።» ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «በወረቀት አይደለም። በአፍሽ።»

ሶዶ ስደርስ ቤት አልገባሁም፤ ለእናቴ ደውዬ ሠፈሩን ጠየቅኩና የአረካን ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን አሳመርኩት፣ ከዚያ ያሳመርኩትን እንደገና አፈረስኩት። የሜላት በር ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ከውስጥ ዕቃ እያጠበች የምታዜም ሴት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ሳንኳኳ ቆመ። በሩን የከፈተችልኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እጇ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

«እናቴን ነው? ማን ልበላት?»

«ቤቴል በያት» አልኩ። «የሽታዬ ልጅ። ያኔ በሩ ላይ የለም ያልኳት።»